የልምምድ ፎርም

ልጅቷን ስድስት መሥሪያ ቤት «የርቀት ተማሪ ለልምምድ አንቀበልም» ብሎ መልሷታል። በሰባተኛው ኃላፊው አቶ ገረመው ደብዳቤዋን አንብበው እንኳ ሳይጨርሱ «ሰኞ ጀምሪ» ሲሏት ጠረጠረች። ይሄ ሰውዬ አንድ ነገር ፈልጎ ነው።

ወሩን ሙሉ ቢሯቸው ስትገባ በሩን ሳትዘጋ ከረመች። እሳቸው ግን የሚጠይቋት ስለ ሞጁሎቿ ብቻ ነበር፤ የትኛው ምዕራፍ እንደከበዳት፣ የትኛውን እንደጨረሰች። ካልተፈረመ የማትመረቅበትን የግምገማ ፎርም ስትሰጣቸው፣ «ይደርሳል» ብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት።

ቅዳሜ የፈተና አዳራሽ ገብታ እንደተቀመጠች ከኋላዋ ወንበር ተጎተተ።

«ፎርምሽን ሰኞ እፈርምልሻለሁ» አሏት አቶ ገረመው፣ የተማሪ መታወቂያቸውን ጠረጴዛው ላይ እያስቀመጡ። «ዛሬ ብቻ ወረቀትሽን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጊልኝ።»