የበኃይሉ እህት

አክሱማዊት አንሶላውን ገፍፋ ሳትጨርስ ራሷን አዞራትና አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ታማሚዋ ታናሽ እህቷ ውዳሴ ታጥባ፣ ቅባት ተቀብታ፣ አበባ ያለበት ሻሽ አስራ መስኮቱ አጠገብ ወንበር ላይ ሆና ታያታለች።

«ትንሽ ጋደም በይ አክሱ።»

«አጥሚት ጥጃለሁ እኮ! ልብሱም አልተሰጣም፣ ኪኒንሽም...»

«አጥሚቱ እስኪፈላ ብቻ።»

እስኪፈላ ብላ ብርድ ልብሱን ስባ ተጋደመች። ተጋድማም አላረፈች፤ እግሮቿ ከስር ይንቀሳቀሳሉ። ውዳሴ ከታመመች ጀምሮ እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ወዲያ ወዲህ ማለት እንጂ መቀመጥ የሚባል ነገር ረስታለች። ወንድማቸው በኃይሉ ረዳት እንቅጠር ሲላት «እኔ ምን ሆንኩና!» ብላ ተቆጥታዋለች። ምን እንደሆነች የሚነግራት መስታወት ነበር፤ እሱንም ካየችው ቆይታለች።

ዓይኗን ከመክደኗ፣ ለአየር ተብሎ ገርበብ ያለው በር ተንኳኳ።

«ቤቶች! የበኃይሉ እህት ቤት ይሄ ነው?»

ከፉሪ የመጡ የበኃይሉ እድርተኞች ነበሩ። ከፊት ሽማግሌው ጋሽ አስረስ፣ ከኋላ ብርቱካን በፌስታል ያንጠለጠሉት እትዬ ለሊሴ፤ የላፍቶን ኮንዶሚኒየም ደረጃ ቁና ቁና እየተነፈሱ ወጥተውታል። በኃይሉ «እህቴ ታማለች» ማለቱን እንጂ ስንት እህት እንዳለው አያውቁም። ገብተው ያዩት ይህን ነው፦ አንዷ፣ መድኃኒቱ ፊቷን ሞላ ያደረገላት፣ ለብሳ አጊጣ ተቀምጣለች። ሌላዋ ጉንጯ ሰርጉዶ አልጋ ላይ ተዘርራለች። ታዲያ ማን አይሳሳት?

እትዬ ለሊሴ በቀጥታ ወደ አልጋው ሄዱ። ብርቱካኑን ራስጌዋ አስቀምጠው ግንባሯን ዳበሱ።

«እግዜር ይማርሽ የኔ እናት! ምነው እንዲህ ከሰውነት ተራ ወጣሽ?»

አክሱማዊት ብድግ አለች። «ኧረ እኔ አይደለሁም፣ እኔ...»

«በሞትኩት! ለእኛ ብለሽ ነው የምትነሺው? ተኚ!» ብለው በሁለት እጃቸው መለሷት።

ወደ እህቷ ዞረች። ውዳሴ አንድ ቃል ብትተነፍስ ነገሩ ያበቃ ነበር። ውዳሴ ግን ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ዋጠችና «አረፍ በሉ እንጂ» አለች እንግዶቹን። ሰው ሲመጣ አረፍ በሉ ካለች ስንት ጊዜዋ! ሲታዘንላት ብቻ ነው የከረመችው።

እትዬ ለሊሴም አረፍ ብለው እንደ ጠያቂ ወግ ጨዋታ አመጡ። «የአክስቴ ልጅም ልክ እንዲህ አድርጓት...»

«እሺ፣ ዳነች?» አለች ውዳሴ ፈጥና።

ጋሽ አስረስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እትዬ ለሊሴ «ኧረ የእሷስ ሌላ ነበር» ብለው ፌስታሉን ማስተካከል ያዙ።

ሽማግሌው ወንበራቸውን ወደ ውዳሴ አዞሩ። «አንቺም ተባረኪ ልጄ። የታመመ ይጠየቃል፤ አስታማሚን ማን ይጠይቃል? ለመሆኑ እንቅልፍ ታገኛለሽ?»

ሳቁ ከውዳሴ ፊት ጠፋ።

«አታገኝም» አለች። «ስትተኛ አይቻት አላውቅም። ስታለቅስ ግን ሰምቻታለሁ። ውሃ በመጣ ቀን ሻወር ቤት ገብታ፣ ቧንቧውን ከፍታ። የማልሰማ ይመስላታል።»

ሽማግሌው የታማሚዋን ነገር የምትነግራቸው መስሏቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። አክሱማዊት ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አፈረችም፣ ተናደደችም። ተነስታ ከቤት ብትጠፋ ወደደች። ይሄኔ ሽታው መጣ።

አጥሚቱ ገነፈለ!

ዘላ ልትወርድ ስትል እትዬ ለሊሴ ትከሻዋን ያዟት። «አስታማሚሽ አለች አይደል እንዴ? ምን አጣደፈሽ?»

ውዳሴም ተነሳች።

ብቻዋን። ከታመመች ወዲህ የእህቷን ትከሻ ሳትይዝ ቆማ አታውቅም። የወንበሩን መደገፊያ ለቀቀች፣ ግድግዳውን ያዘች። ጉልበቷ ሲንቀጠቀጥ ቀሚሷ ይርገበገባል። «ያዟት!» የሚለው ቃል አክሱማዊት ምላስ ጫፍ ደርሶ ነበር፤ የእህቷን አንገት አየችና ተወችው። እንግዳ እንዳለባት የቤት እመቤት ቀጥ ብሏል። ብርድ ልብሱን በሁለት እጇ ጨብጣ የእህቷን ኮቴ በጆሮዋ ተከተለች። ውዳሴ ኩሽና ገባች። ቆመች። ለምን ቆመች? አምላኬ፣ አደራህን! አንድ ነገር ወደቀ፤ ማንኪያ ነው። ከዚያ የምድጃው ማጥፊያ ቀጭ ሲል ተሰማ።

«ጎበዝ ልጅ ናት» አሉ ጋሽ አስረስ፣ ለምርቃት እየተነሱ። «በይ ልጄ፣ ምሕረቱን ይላክልሽ፤ አስታማሚሽንም ያበርታልሽ።»

«አሜን» አለች አክሱማዊት። ለእህቷ ስንቱን ምርቃት አሜን ብላ ተቀብላለች፤ ለራሷ ስትል ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ውዳሴ ብቅ አለች። በአንድ እጇ መቃኑን፣ በሌላው ውሃ በብርጭቆ ይዛለች። ውሃው ጣቶቿ ላይ እየፈሰሰ፣ ግድግዳውን እየታከከች መጣች። አልጋው ጋ ስትደርስ ግማሹ እንኳ አልቀረም።

«እንኪ፣ ጠጪ» አለቻት።

አክሱማዊት ለመነሳት አልታገለችም። እህቷ በእጇ አንገቷን ደግፋላት፣ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ ጠጣችው።