ምሰሶዋ ጎረቤቴ

ልጆቼ፣ ዛሬ ቤት ማታ ኮምፒውተር ላይ ተነድፎ ጠዋት ተሠርቶ ይገኛል፤ ንድፉ ውስጥ ለሌለ ሰው ግን በሩን አይከፍትም። የዕድሜ ልክ ጎረቤቴን ደብሪቱን፣ ከእኔ የተዋሰችውን ወንፊት ልትመልስ መጥታ ደጅ ላይ ዝናብ ደበደባት።

የልጅ ልጄን ትርሲትን፣ «ንድፉን እንደ አዲስ ጀምሪና ደብሪቱንም አስገቢልኝ» አልኳት።

መለኪያውን ሜትር አደረገች፤ የግቢውን ወሰንም አሰመረች። «እማማ፣ ከቤተሰብ ውጪ ሰው አይቀበልም።»

«ምሰሶስ ይቀበላል?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ምሰሶ አድርገሽ አስገቢያት!»

በማግስቱ ደብሪቱ ገና ብቅ ስትል በሩ ወለል አለላት። ስንስቅ፣ ስንጫወት አመሸን። ልትሄድ ስትነሣ ግን በሩ አልከፈትም አለ፤ ምሰሶው ከወጣ ቤቱ ይወድቃላ!

ደብሪቱ ነጠላዋን አውልቃ ተመቻቸችና፣ «በሉ መኝታዬን አሳዩኝ» አለች። «ማንኮራፋቴንስ ንድፉ ላይ አስገብታችሁታል?»