ያልተሰማት ጉብታ

ጋሽ ሞተር የመኪናዋን የኋላ በር ወደ ላይ ብድግ አደረገና ከሥሩ ገብቶ ቆመ። «አየሽ ልጄ፣ ዝናብ ቢመጣ ጥላ ነው። ሴዳን እንዲህ ያደርግልሻል? ሴዳን ማለት ለሠርግና ለጎረቤት ዓይን የተሠራ መኪና ነው። ለኑሮ እንዲህ ኋላዋ ሙሉ የሚከፈት ሃችባክን የሚያህል የለም።»

ልትገዛ የመጣችው ልብስ ሰፊ ሳቀች። መኪና ፍለጋ ከወጣች ሰንብታለች፤ እንዲህ የሚያወራ ሻጭ ግን አልገጠማትም። አንገቷን አስግጋ ውስጡን ቃኘች። «ሙሉ ጣቃ ጨርቅ ሳይታጠፍ ይገባል?»

«ጣቃ ትያለሽ? ሰው ተዘርግቶ ይተኛባታል» አለ። ዓይኗ ውስጥ የተነጠፈው ፍራሽ ላይ ማረፉን አየ። «ባለቤቴ ትተኛበት ነበር። በሕመሟ ጊዜ።»

ሰፈሩ ጋሽ ሞተር ያለው ያለ ነገር አይደለም። አልጋው ላይ ሆኖ በውጭ የምታልፍን መኪና በድምጿ ይለያል። በጉብዝናው ዘመን ሃችባክ የሚነዳ ሰው ባየ ቁጥር «ግማሹን የት ጥለኸው መጣህ?» እያለ ሲያላግጥ ኖሯል። የራሱ መኪና ሁለት በር ብቻ ያላት፣ መሬት ልሳ የምትሄድ፣ ስትነሳ አንገት የምትሰብር ነበረች። ሚስቱ አጥንቷን ስትታመም ያቺን አውጥቶ ይህችን አስገባ። የኋላ ወንበሩን አጣጠፈ፣ ከሹፌሩ አጠገብ ያለውን የጋቢና ወንበር ጭራሽ ነቅሎ እቃ ቤት ከተተው፣ ፍራሽ ዘረጋ። ራሷ ወደ ኋላ በር፣ እግሯ ወደ ጋቢና ሆኖ ትጋደማለች፤ እሱ ስፖኪዮውን ወደ ፊቷ አዘንብሎ ሐኪም ቤት ያመላልሳታል።

መንዳት ምን እንደሆነ የገባው ያኔ ነው። ጉብታ ባለፉ ቁጥር «ተሰማሽ?» ይላታል። መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ ገደልከኝ! ከብት የጫንክ መሰለህ?» ትለው ነበር። እልህ ያዘው። ማርሽ ቀድሞ መቀነስ፣ ፍሬኑን ከጉብታው በፊት መልቀቅ፣ በሰያፍ ገብቶ ጎማ አንድ በአንድ ማሳለፍ፤ ይህን ሁሉ እንደ አዲስ ተማሪ ጭር ያለ መንገድ ላይ ብቻውን ተለማመደ። «ገደልከኝ» ቀስ በቀስ «ትንሽ» ሆነ። ከዚያ አንድ ቀን በስፖኪዮው ውስጥ ፈገግ ብላ «ምንም አልተሰማኝም» አለችው። ጋራዥ ሄዶ ጉራውን ሲነዛ ዋለ። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻዋ ቀን ሌላ መልስ ሰጥታው አታውቅም።

በሽታዋን ማስቆም አልቻለም። መንገዱ ላይ ግን አላሳመማትም። ካረፈች ወዲህ ሌሊት እንቅልፍ ሲከዳው የሚይዘው ይህችኑ አንዲት ነገር ነበር፤ ሌላ መጽናኛ አልነበረውም።

መኪናዋን ለመሸጥ የወሰነው ግቢ ሲገባ ሲወጣ እያያት መኖር ስላቃተው ነው። ቢሆንም ለማንም አይሰጣትም። አንዱን ገዢ በሩን በኃይል ስለዘጋው ብቻ «ተሽጣለች» ብሎ ሸኝቶታል።

«ልንዳትና ልያት?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ቁልፉን ሰጣትና በወዲያኛው በኩል ዞሮ በሩን ከፈተ። ከፍቶም ቆመ። ይህን አላሰበበትም። እስከ ዛሬ በዚህች መኪና ከመሪው ጀርባ ካልሆነ በቀር ሄዶ አያውቅም።

«ጋሼ፣ የጋቢናው ወንበርስ?»

«እቃ ቤት ነው። ስትወስጃት እገጥምልሻለሁ። አሁን ግድ የለም፣ እዚሁ ጋደም እላለሁ።» ጫማውን አውልቆ ገባና ራሱን ወደ ኋላ በር አድርጎ ተጋደመ።

መኪናዋ ቀስ ብላ ተነሳች። «ነዳጅ አትርገጪ፣ ንኪው ብቻ» አለ ጣሪያውን እያየ። «የዘወትር መንዳት ውድድር አይደለም። ጎበዝ ሹፌር ማለት የጫነውን ሰው አስተኝቶ የሚያደርስ ነው። እግርሽ ግን ቀላል ነው።»

«የስፌት መኪና የለመደ እግር ነዋ።»

ሳቀ። ሳቁ ሳያልቅ ጠጠር ትከሻውን ወጋው። ቀጥሎ አስፋልቱ ላይ ያለ ስንጥቅ ወገቡን ነካው። መንገዱን ያውቀዋል፤ በየቀኑ ሲመላለስበት የኖረ ልሙጥ መንገድ ነው። ተጋድመው ሲሄዱበት ግን ጠጠሩ ሁሉ በፍራሹ አልፎ አጥንት ይቆጥራል። ምናልባት ጎማው አየር በዝቶበት ይሆናል ብሎ አሰበ። ግን ራሱ ትናንት ለክቶታል።

የሚይዘው ነገር ሲፈልግ እጁ ከመስኮቱ በላይ ያለው እጀታ ላይ አረፈ። ቀና ብሎ አየው። ከሹፌሩ ወንበር የማይታየው የውስጥ ገጹ ተልጧል፤ በጥፍር ተቧጦ ተቧጦ ጎድጉዷል። ስፖኪዮው የሚስቱን ፊት እንጂ እጇን አሳይቶት አያውቅም።

«ጉብታ መጣ» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«ማርሽ ቀንሺ» አለ ድምፁ ተለውጦ። «በሰያፍ ግቢ። ፍሬኑን አሁን ልቀቂው።»

ያላትን አንድም ሳታጓድል አደረገች። እሱም ቢሆን ከዚህ የተሻለ አድርጎት አያውቅም። የፊት ጎማ ወጣና ወረደ፤ ምቱ ከዳሌው ተነስቶ እስከ ማጅራቱ ዘለቀ። የኋላው ሲደገም ጥርሱ ተንቀጫቀጨ። አጥንቱ ደግሞ ጤነኛ ነው። ጣቶቹ በተቦጨቀው ቦታ ገብተው እጀታውን ጨምድደው ያዙ፣ እንባው በጆሮ ግንዱ በኩል ወደ ፍራሹ ወረደ።

ልብስ ሰፊዋ ደስ ብሏት በስፖኪዮው ፊቱን ፈለገች። «እንዴት ነኝ ጋሼ? ተሰማዎት?»

እጀታውን ሳይለቅ ፈገግ አለላት።

«ምንም አልተሰማኝም፣ ልጄ።»