ከቅጂው የቀረችው

በዚያ ዘመን ሰው ሲሞት፣ በሕይወት ሳለ ካስቀዳው የትዝታ ቅጂ ይነሣ ነበር። የስንዱ ባል መክብብም ከተነሣ ሳምንቱ ነው። ዛሬ የድሮ ኳስ ጨዋታ እየተረከላት ከአልጋ ሥር ሲጠርግ፣ ትንሽ ቀይ ጫማ አወጣ።

«ስንዱዬ፣ ይሄ የማን ነው? ለጎረቤት ልጅ እንስጠው?»

ስንዱ ክው ብላ ወደ ቅጂ ቤቱ ደወለች። «ቅጂው ተበላሽቷል! የሞተችብንን ልጅ ጭራሽ አያውቃትም።»

«አልተበላሸም፣ እትዬ» አላት ባለሙያው። «ማስቀመጫው ሙሉ ዕድሜ አይችልም። የሚተወውን የሚመርጠው ባለቤቱ ራሱ ነው።»

«ኳሱንስ?»

«እሳቸው ከኳሱ አንድም ጨዋታ አልተዉም።»

በልጃቸው መቃብር ላይ እሷና መክብብ ላይረሷት ተማምለው ነበር። ስንዱ ስልኩን ዘግታ ጫማውን ከእጁ ነጠቀችው።

«የልጄ ነው።»

የመክብብ ፊት ጠቆረ። «ልጅ ነበረሽ? ይህን ሁሉ ዘመን ደብቀሽኝ?»