የአማት ጉርሻ

ረድኤት የእጮኛዋን የኤሪክን እናት አይታት አታውቅም፤ እናቱ ካልወደደቻት ግን የነሐሴው ሠርግ እንደማይሆን ኤሪክ ራሱ ሳይደብቅ ነግሯታል። «እናቴ ቀድማን ትደርሳለች» ስላላት፣ እሱ መኪና ማቆሚያ ሲፈልግ እሷ ቀድማ ገባች። በስቶክሆልም አሮጌው ከተማ፣ ጣሪያው ዝቅ ባለ ጠባብ ምግብ ቤት ውስጥ፣ አንዲት ሽበታም ሴት ብቻዋን ጥግ ይዛ ምሳ ትበላለች። ረድኤት ሦስት ጊዜ አገላብጣ ሳመቻትና ፊት ለፊቷ ዘፍ አለች።

ሴትዮዋ ዓይኗን ከማርገብገብ በቀር ምንም አልተነፈሰችም።

«የእናንተ ሰው ዝምተኛ ነው ብለውኛል። ግድ የለም፣ እኔ ለሁለታችንም አወራለሁ» ብላ ስለ ትምህርቷ፣ ስለ እናቷ የደም ግፊት፣ ስለምትወልዳቸው ሦስት ልጆች ተረከች። ዝምታው ሲብስባት የመጨረሻ መሣሪያዋን መዘዘች። ከሴትዮዋ ሳህን ላይ ሳልሞን ዓሣውን ከነድንቹ በስስ ቂጣ ጠቀለለችና «በሞቴ!» ብላ አጎረሰቻት።

በዙሪያቸው የነበሩት ተመጋቢዎች ሹካቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ሴትዮዋ ቀስ ብላ አኘከች፣ ዋጠች፣ ፈገግ አለች። ረድኤት በልቧ ሠርጉን ደገሰች።

ያኔ ኤሪክ ቀይ ካፖርት የለበሰች ረጅም ሴት አስከትሎ ገባ።

«ይቅርታ፣ እናቴ ባቡር አምልጧት ነው» አለ።

ረድኤት ወዳጎረሰቻት ሴት ዞረች። «እርስዎስ ታዲያ?»

«እኔማ ምሳ ልበላ ነው የመጣሁት» አለች ሴትዮዋ፣ ለመጡት ሰዎች ጠጋ ብላ ቦታ እየለቀቀች። «ቁጭ በሉ እንጂ፣ ገና ጣፋጭ አላዘዝንም።»