ያልተረጎምኩት ዓረፍተ ነገር

«እምነት ባለበት ቤት» አለ ፓስተር ዘርአብሩክ ማይኩን ወደ አፉ አስጠግቶ፣ «ልጅ አይሞትም!»

ተራው የእኔ ነበር። እሱ በአማርኛ አንድ ዓረፍተ ነገር ይላል፤ እኔ ከጎኑ፣ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ ብዬ፣ በጋሞኛ እደግመዋለሁ። ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ስንቀባበል ቆይተናል። ስለ መኪና ሰበከ፣ ተረጎምኩ። ስለ ፎቅ ቤትም ሰበከ፤ ኩልፎ ወንዝ ዳር ሙዝ ሲኮተኩት የሚውል ሰው ፎቁን ምን ላይ እንደሚያቆመው ባይገባኝም ተረጎምኩ። አሁን ግን አፌ አልከፈት አለኝ።

ሁለተኛው አግዳሚ ላይ መነን ተቀምጣለች። በወባ የሞተባትን ልጇን ክብሩን ከቀበርነው ያን ቀን አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። የስድስት ዓመት ልጅ ነበር። ምእመኑ ሁሉ ሦስት ቀን ጾመንለታል፤ እሷ ደግሞ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ከሐኪም ቤት አልጋው ሥር አልተነሣችም። በቀብሩ ዕለት እጄን ይዛ «ምን አጥፍቼ ነው?» ብትለኝ መልስ አጥቼ ዝም አልኳት። እስከ ዛሬ አፍርበታለሁ።

ከደጋው ከካምባ ከወረደች ገና ሁለት ዓመቷ ነው፤ አማርኛ አትሰማም። ቤቷ ይዛ የምትገባው እኔ የምላትን ብቻ ነው። ያንን ዓረፍተ ነገር ከነገርኳት ለጥያቄዋ መልስ ሰጠኋት ማለት ነው፤ ልጅሽን የገደለው የእምነትሽ ማነስ ነው ማለት ነው።

ግን አስተርጓሚ አይጨምርም፣ አይቀንስም። እንግዳ ሰባኪ በመጣ ቁጥር ሽማግሌዎቹ አሥራ አንድ ዓመት እኔን የሚጠሩኝ ለዚህ ነው። አንዱ እንግዳ «አስተርጓሚያችን ዛሬ እንቅልፉን አልጨረሰም» ብሎ ሲቀልድብኝ እንኳ፣ ቀልዱን ሳልሸራርፍ በጋሞኛ አቅርቤ ሕዝቡን በራሴ ላይ አስቄአለሁ።

ወደ ኋላ ዞር አልኩ። ወንጌልን ያስተማሩኝ ጋሽ ካሱ መድረኩ ላይ ተቀምጠዋል። «ስብከት መስቀሉ ጋ ካልደረሰ መንገድ ላይ ቀርቷል በለው» ይሉኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው። የዛሬው ስብከት ከአንድ ሰዓት በላይ ሄዷል፤ መስቀሉ ግን በሩቁም አልታየ። ጋሽ ካሱ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለዋል። እንግዳውን የጋበዙትም እሳቸው ናቸው።

«ወንድም ኦይታ?» አለኝ ፓስተሩ ፈገግ ብሎ።

መነን ቀና ብላ ታየኛለች። ሳል እንደያዘው ሰው ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ማይኩ ተበላሸ ልበል ወይ ብዬም አሰብኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ፈርቼ ነበር። ከዚያ በጋሞኛ እንዲህ አልኩ፦

«እግዚአብሔርም ልጁ ሞቶበታል። ልጁ መስቀል ላይ ሆኖ ‹ለምን ተውኸኝ› ብሎ ጮኸ። አባቱ ሰማው፤ ግን አላወረደውም። እናቱም እግሩ ሥር ቆማ ታየው ነበር። እምነት አንሷት አይደለም።»

እኛ ጴንጤዎች የጌታን እናት መድረክ ላይ ብዙ አናነሣትም። እንዴት ከአፌ እንደወጣች አላውቅም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና መመለሻም አልነበረኝም።

ሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቁት፣ አስተማሪዎቹና የቢሮ ሠራተኞቹ፣ እርስ በርስ ተያዩ። ፓስተሩ አሜን እስኪሉለት ጠበቀ። አሜን የሚለው ጠፋ።

«ጋሞኛ ለካ ረጅም ቋንቋ ነው!» አለ እየሳቀ። አብሮት የሳቀ ሰው የለም። ቀልዱን ሳልተረጉም አለፍኩት።

ይኼን ጊዜ መነን ተነሣች። እኛ ጋ በስብከት መሀል ሰው የሚነሣው ሊወጣ ሲል ነው፤ ወደ በሩ የምትሄድ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሷ ግን እዚያው ቆመች።

«ወንድሜ ኦይታ» አለችኝ በጋሞኛ። «ያልነገርከኝን ሰምቼዋለሁ።»

«የቱን?»

«እንግዳው ያለውን። አማርኛ አላውቅም። ‹ልጅ›፣ ‹ይሞታል›፣ ‹አይሞትም› የሚሉትን ግን አውቃለሁ፤ ሐኪሞቹ በክብሩ ራስጌ ቆመው ሲነጋገሩ ነው የተማርኳቸው። ‹እምነት› የሚለውን እዚሁ እናንተ ጋ ለመድኩት።»

ከለልኳት ብዬ ነበር፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን ከእኔ ቀድሞ ደርሷታል። ያን ሁሉ ጊዜ ቀና ብላ ስታየኝ የነበረው፣ እኔም እሱኑ እደግምባት እንደሆነ ለማወቅ ነበር።

«ምን አለች?» አለኝ ፓስተሩ።

ልመልስለት ስል መነን እጇን ከፍ አድርጋ አስቆመችኝ።

«የእሱን ትተህ አንተ ያልከውንም ሰምቻለሁ» አለች። ድምፅዋ እዚህ ላይ ብቻ ተሰበረ። «ለእኔ ደርሶኛል። አሁን ለእንግዳው ንገረው። እሱ አልሰማውም።»

ወደ ፓስተሩ ዞርኩ። ቢበዛ ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ምን ያህል ልጅ እንደሆነ ያየሁት ገና ያኔ ነው። ግራ ገብቶት አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን ያያል።

«እግዚአብሔርም» አልኩት በአማርኛ፣ «ልጁ ሞቶበታል።»

ማይኩን ከአፉ አወረደ። ቀሪውንም አንድ በአንድ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ነገርኩት። መነን እስክጨርስ ድረስ አልተቀመጠችም።