ያልበራ አይነካም

የልጅ ልጄ የኖላዊት መነጽር ጠዋት ተበላሸ። እሷም እንደ ዛሬ ልጆች ሁሉ፣ መነጽሩ «ይነካል» ብሎ አብርቶ የሚያሳያትን ነገር ብቻ ነው የምትነካው። ከንፈሯ በጥም ደርቆ፣ የውኃው ጆግ ፊት ዝም ብላ ቆማለች።

«ጠጪ እንጂ፣ የኔ እናት!»

«አልበራም እኮ፣ እማማ።»

ግራ ገባኝ። በልጅነቴ ከወንድሜ ከአምሃ ጋር የምንጫወተው የኮምፒውተር ጌም ነበር፤ ከተቆለፈ ቤት መውጫ መፈለግ ነው። በማውስ ያልነካነው አልነበረም፤ ሥዕሉን፣ ምንጣፉን፣ የድመቷን ጭራ ሳይቀር። ቁልፉን ዳቦ ውስጥ ያገኘን ዕለት ሰፈሩን በጩኸት ቀወጥነው።

«በይ እንደኛ ሁሉንም እየነካሽ ሞክሪ» አልኳት።

ጆጉን ነካች፤ ጠጣች፤ ሳቀች። መጋረጃውን ነካች። ቀጥሎ እጇ ወደ ጋለው ምድጃ ሄደ።

«ኧረ ተይ!» ብዬ ለቀም አደረግኳት።

«ሁሉንም አላልሽም እንዴ?»

እኛ ጌሙ ውስጥ ስንሞት ሴቭ ካደረግንበት እንደገና እንጀምር ነበር። ምድጃ ላይ ሴቭ የለም።

ከሰዓት መነጽሩ ተጠግኖ መጣ። ላድርግላት ወይስ ልደብቀው እያልኩ ስዋልል፣ ኖላዊት ጉንጬን በጣቷ ጫን ጫን አደረገችው።

«እማማ፣ አንቺ እኮ መነጽሩ ውስጥ በርተሽ አታውቂም» አለችኝ።